ፐርፊዩሙ ውስጥ ያለውን እንዴት እናውቃለን? ፍታሌት፣ ሊሊያል እና ሆርሞን (ለሎሽንና ለሳሙና አምራቾች)

ቅባትና_ሎሽን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው በአነስተኛ ደረጃ ለሚያመርት ሁሉ ስለሚሆን ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

የሰውነት ሎሽን በአንድ ዙር 100 ኪሎ ነው የሚመረተው፣ ፐርፊዩም 0.5 በመቶ ይገባበታል። ፈሳሽ የእጅ ሳሙና 200 ሊትር፣ ፐርፊዩም 1 በመቶ። የፀጉር ቅባት 20 ኪሎ፣ በቫዝሊንና በሺያ ቅቤ የተሠራ፣ እሱም 1 በመቶ። ፐርፊዩሙ ከመርካቶ በ5 ኪሎ ጀሪካን የሚገዛ ነው። ጀሪካኑ ላይ «ቤቢ ፓውደር» ወይም «ላቬንደር» ከሚል ወረቀት በቀር ምንም የለም።

ደንበኞች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ «ሽቶው ሆርሞን ያዛባል ይባላል፤ የእናንተስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አቅራቢው ኤምኤስዲኤስ (የደኅንነት መረጃ ወረቀት) ሰጠን፤ ፍታሌት (ሽቶ ማቅጠኛና ፕላስቲክ ማለስለሻ የሚሆን የኬሚካል ዓይነት) የሚል ቃል የትም የለበትም። ጥያቄዎቼ፦

1. ኤምኤስዲኤሱ ንጹህ ከሆነ «ፍታሌት የሌለበት» ብሎ ምርቱ ላይ መጻፍ ይቻላል?
2. በእውነት የሚያሳስበው የትኛው ንጥረ ነገር ነው፣ በምን ያህል መጠን?
3. ሁሉንም ትቶ ወደ ተፈጥሮ ዘይት መዞር መፍትሔ ይሆናል?
4. ምርቱ ላይ ምን ብንጽፍ ትክክል ነው?

ጋዝ_ክሮማቶ

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ። አይቻልም። ኤምኤስዲኤስ የሽቶውን ሙሉ ቅንብር የሚናገር ወረቀት አይደለም። የሚዘረዝረው በአደገኛነት የተመደቡትን ንጥረ ነገሮች ብቻ፣ ያውም ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ ነው። ሽቶ ውስጥ በብዛት የሚገባው ፍታሌት ዲኢፒ ነው፣ በሙሉ ስሙ ዳይኢታይል ፍታሌት። በአውሮፓ የጋራ የአደገኛነት ዝርዝር ውስጥ ምድብ የለውም። ስለዚህ የጀሪካኑ ሲሶ ዲኢፒ ቢሆን እንኳ ኤምኤስዲኤሱ ላይ አንድም መስመር ላይኖረው ይችላል። አቅራቢው ዋሽቷል ማለት አይደለም፣ ወረቀቱ ያንን እንዲናገር አልተጠየቀም።

ዲኢፒ ለምን ይገባል? ርካሽ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ክሪስታል የሆኑትን የሽታ ንጥረ ነገሮች ጥሩ አድርጎ ያሟሟል፣ ሽታው ቶሎ እንዳይተን ይይዛል። መርካቶ ላይ ከትልቁ በርሜል ወደ ጀሪካን ሲቀነስ «ማቅጠኛ» ተብሎ የሚጨመረውም እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካው ወረቀት እውነት ሆኖ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው የባች (የምርት ዙር) ቁጥር ከበርሜሉ የባች ቁጥር ጋር መግጠሙን ሳያዩ አይውሰዱ። ጀሪካን ላይ ባች ቁጥር ከሌለ ወረቀቱ የዚያ ጀሪካን ወረቀት አይደለም፣ በቃ።

አቅራቢውን «ፍታሌት አለው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «የለውም» ይልዎታል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። በካስ ቁጥር (የየኬሚካሉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ጠይቀው በፊርማና በማኅተም መልስ ይቀበሉ። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ፍታሌቶች፣ ቀሪዎቹ የሽታ ንጥረ ነገሮች፦

ዲኢፒ 84-66-2
ዲቢፒ 84-74-2
ዲአይቢፒ 84-69-5
ቢቢፒ 85-68-7
ዲኢኤችፒ 117-81-7
ሊሊያል 80-54-6
ማስክ ዛይሊን 81-15-2
ጋላክሶላይድ 1222-05-5
ቶናላይድ 21145-77-7 እና 1506-02-1፣ ሁለቱም ይጠየቁ፣ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የሚተው አለና።

ጥያቄው ደግሞ «ሆን ተብሎ አልተጨመረም» በሚል መልስ እንዳይዘጋ፣ «ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) በታች» የሚል ቁጥር ይኑረው። ከዚያ ቀጥሎ ማቅጠኛው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ዲፒጂ (25265-71-8)፣ አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት (110-27-0) ወይም ትራይኢታይል ሲትሬት (77-93-0) ካሉዎት ደህና ነው። «የንግድ ሚስጥር ነው» ካሉዎት የሽታውን ቅመም ሚስጥር መያዝ መብታቸው ነው፤ የማቅጠኛው ስም ግን ከማንም የሚደበቅ ሚስጥር አይደለም፣ ሌላ አቅራቢ ይፈልጉ።

ኢፍራ ሰርተፊኬትም ይጠይቁ። ኢፍራ የሚባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የሽቶ አምራቾች ማኅበር ባወጣው መስፈርት መሠረት በየምርቱ ዓይነት የሚፈቀደውን ከፍተኛ መጠን ይነግርዎታል። ሎሽን ምድብ 5ኤ፣ የሕፃን ክሬም 5ዲ፣ በውኃ የሚለቀቅ ሳሙና 9 ላይ ያገኙታል። ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ሰርተፊኬቱ የሽቶውን ይዘት አይዘረዝርም። ሁለተኛ፣ 5ኤ ላይ 4 በመቶ ተፈቅዷል ማለት 4 በመቶ ጨምር ማለት አይደለም፤ ጣሪያ ነው።

ላብራቶሪ ከላኩ ጂሲኤምኤስ (ድብልቁን በየንጥረ ነገሩ ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ነው የሚጠየቀው። 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በመስታወት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ውስጥ ቴፍሎን ወይም አሉሚኒየም ያለው። በፕላስቲክ ጠብታ መሳቢያ አይቅዱ። ከናሙናው ጋር ባዶ ጠርሙስም ይላኩ፤ ባዶው ላይ ዲኢኤችፒ ከታየ ችግሩ ከጠርሙሱ ወይም ከላብራቶሪው ነው፣ ከሽቶው አይደለም።

በመንደር የሚወራውን «ውኃ ላይ አንጠባጥበው፣ ከሰመጠ ፍታሌት ነው» የሚለውን ደግሞ ተዉት። ዲኢፒ ከውኃ ይከብዳል፣ እውነት ነው። የቅርንፉዱ ዩጂኖል፣ የቀረፋው ሲናማልዲሃይድና ቤንዚል ቤንዞኤትም ይሰምጣሉ። የእርስዎ «ቤቢ ፓውደር» ምንም ፍታሌት ሳይኖረው ጠርሙሱ ግርጌ ሊቀመጥ ይችላል።

አንድ የተረሳ ቀዳዳም አለ፤ አልኮል። ለሽቶና ለቦዲ ስፕሬይ የሚሸጠው፣ እንዳይጠጣ ተብሎ የሚመረዘው አልኮል በራሱ ዲኢፒ ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ 39-ሲ የሚባለው ዓይነት በ100 ጋሎን አልኮል 1 ጋሎን ዲኢፒ ይገባበታል። 40-ቢ የሚባለው ደግሞ የሚመረዘው መራራ በሆነው ዲናቶኒየምና በቲ-ቡታኖል ነው። ንጹህ ሽቶ ገዝቶ በ39-ሲ ማቅጠን ልፋት ብቻ ነው።

ፋርማሲ_ጓዳ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። «ሆርሞን ያዛባል» የሚለው ቃል የተለያየ ማስረጃ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ከረጢት ይጨምራል። ለይተን እንይ።

ዲቢፒ፣ ቢቢፒ፣ ዲኢኤችፒ፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ ሲሞከሩ የወንድ ግልገሎችን የመራቢያ አካል አፈጣጠር ይቀይራሉ። አውሮፓ ከመዋቢያ ምርት ካስወጣቸው ሃያ ዓመት አልፎታል። የወንድ ጽንስ በዚህ ረገድ በጣም ተጋላጭ የሚሆነው ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ይህ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለነፍሰ ጡር ብቻ ሳይሆን ልታረግዝ ላሰበችም መሆን አለበት።

ዲኢፒ፦ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ። በ2000 የታተመ የአይጥ ጥናት ስድስት ፍታሌቶችን ጎን ለጎን ፈትኖ ዲኢፒ እንደነ ዲኢኤችፒ ዓይነት ጉዳት አላሳየም። በሰው ላይ ደግሞ በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በእናቶች ሽንት ውስጥ የተገኘውን የዲኢፒ ስባሪ፣ ኤምኢፒ የሚባለውን፣ ከወንድ ሕፃናት የመራቢያ አካል ልኬት ጋር አያይዞት ነበር። በ2015 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ግን ግንኙነቱን ያገኘው ከዲኢኤችፒ ጋር እንጂ ከኤምኢፒ ጋር አይደለም። በካሊፎርኒያ ሳሊናስ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ ኤምኢፒ ከፍ ያለባቸው እናቶች የወለዷቸው ሴት ልጆች የጉርምስና ምልክት ትንሽ ቀደም ብሎ እንደታየባቸው አሳይቷል። የወር ልዩነት እንጂ የዓመት አይደለም። ስለዚህ ለደንበኛ «ዲኢፒ ልጅሽን ይጎዳል» ማለት ትክክል አይደለም፣ «ምንም የለውም» ማለትም አይደለም። ሳይጨመር ምርቱ ሊሠራ ከቻለ ግን ለምን ይጨመራል?

ሊሊያል፦ የአበባ ሽታ ነው፣ የልብስ ሳሙናና ዲዮድራንት ሽታ ብዙው እሱ ነበር። በአይጦች የወንድ ዘር ላይ ጉዳት ስላሳየ አውሮፓ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በመዋቢያ ምርት ውስጥ ከልክሎታል።

ጋላክሶላይድና ቶናላይድ፦ «ንጹህ ልብስ» የሚሸተው ማስክ። በሴል ሙከራ ከኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) መቀበያ ጋር ያላቸው ግንኙነት ደካማ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ስብ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በእናት ጡት ወተትም ተገኝተዋል። ዲኢፒ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል፣ እነዚህ ግን ይቆያሉ።

ፓራቤን ሽቶ አይደለም። በየቦታው ከሽቶ ጋር አብሮ ስለሚጠራ ነው እንጂ መከላከያ ነው፣ ሎሽን እንዳይሻግት። «ፓራቤን አውጥተናል» ብለው ምንም ሳይተኩ የሚሸጡ አምራቾች አሉ፤ ውኃ ያለበት ሎሽን ያለ መከላከያ በሳምንታት ውስጥ ባክቴሪያ ያበቅላል፣ ዓይን ላይ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከሆርሞን ጥርጣሬው የቀረበ ነው። ፊኖክሲኢታኖል እስከ 1 በመቶ፣ ወይም የሎሽኑ ፒኤች ከ5 በታች ከሆነ ሶዲየም ቤንዞኤት 0.5 በመቶ መተኪያ ይሆናሉ።

ስለ መጠን፣ በእርስዎ ቁጥር እናስላው። ሰውነቱን በሙሉ ሎሽን የሚቀባ ሰው በቀን 8 ግራም ገደማ ይጠቀማል። 0.5 በመቶ ፐርፊዩም ማለት በቀን 40 ሚሊ ግራም ፐርፊዩም ቆዳ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ጀሪካኑ 30 በመቶ ዲኢፒ ቢሆን 12 ሚሊ ግራም። ሳሙናውንስ? በውኃ የሚለቀቅ ምርት ቆዳ ላይ የሚቀረው 1 በመቶ ያህሉ እንደሆነ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። ለገላ መታጠቢያ 18.7 ግራም ቢጠቀሙ የሚቀረው 0.19 ግራም ነው፤ በ1 በመቶ ፐርፊዩም፣ በ30 በመቶ ዲኢፒ፣ 0.6 ሚሊ ግራም አይሞላም። ሃያ እጥፍ ልዩነት። ገንዘብና ጊዜ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ሎሽኑን ያጽዱ፣ ቀጥሎ ቅባቱን፣ ሳሙናውን በመጨረሻ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይጀምራል፣ ምክንያቱም ሳሙናው ነው የሚሸተው።

ማጽዳት ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ደግሞ፦ እዚያው ሳሊናስ ውስጥ 100 ሴት ልጆች ለ3 ቀን ብቻ ፍታሌት፣ ፓራቤንና ትራይክሎሳን (ባክቴሪያ ገዳይ) የሌላቸውን ምርቶች ተጠቅመው በሽንታቸው የነበረው ኤምኢፒ በ27 በመቶ ወርዷል። አንዳንድ ፓራቤኖች ግን ባልተጠበቀ ሁኔታ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። «የለበትም» የሚል ምርት ውስጥም ይኖራል ማለት ነው።

ለሕፃን የሚሆን ምርት ላይ ፐርፊዩም ዜሮ። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ በጣም ይበልጣል፣ ያው 1 ግራም ሎሽን ለእሱ ሌላ መጠን ነው። «ቤቢ ፓውደር» ሽታ ያለው ሎሽን ለሕፃን ይሆናል ብሎ የሚገዛ እንዳለ አይርሱ።

አደስ_ቅቤ

ሦስተኛውን በአጭሩ። ተፈጥሮ ማለት ሆርሞን አይነካም ማለት አይደለም። በ2007 በወጣ የአሜሪካ ዘገባ ላቬንደር ወይም ቲ ትሪ ዘይት ያለባቸውን ምርቶች ይጠቀሙ የነበሩ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሦስት ወንድ ልጆች ጡት አብጦባቸው ነበር፣ ሲያቆሙ እብጠቱ ጠፋ። የሴል ምርመራም ሁለቱ ዘይቶች ደካማ የኤስትሮጅን ባሕርይ እንዳላቸው አሳየ። ሦስት ልጅ ሦስት ልጅ ነው፤ በኋላ የወጡ ሰፋ ያሉ ጥናቶች ግንኙነቱን አላገኙትም። ግን «ሰው ሠራሹን አውጥተን ላቬንደር አስገባን፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል።

ሌላው ችግር ወጥነት ነው። የተፈጥሮ ዘይት በየዓመቱ መከሩ ይለያያል፣ አለርጂ የሚያመጡት ሊናሉልና ሊሞኒን በተፈጥሮ ውስጡ አሉ፣ አየር ሲያገኙ ደግሞ ይብሳሉ። ርካሽ «የላቬንደር ዘይት» ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሊናሊል አሲቴት የተሞላ ነው፣ አንዳንዱም በዚያው ዲኢፒ የቀጠነ። ከመርካቶ የተገዛ የተፈጥሮ ዘይትም ያው በካስ ቁጥር ይጠየቃል።

የፀጉር ቅባቱ ላይ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። አደስ ያለበት ቅቤ ከጥንት ጀምሮ ፐርፊዩም ሳይገባበት ይሸታል። ቅባትዎ የሺያ ቅቤ ሽታን ለመሸፈን ብቻ ከሆነ ፐርፊዩም የሚያስፈልገው፣ ሽታው የተወገደለትን ሺያ ይግዙና 0.1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ጨምረው ቅባቱ ሲቆይ የሚያመጣውን መጥፎ ሽታ ያዘግዩ። ያኔ ፐርፊዩሙን ከ1 ወደ 0.3 በመቶ ማውረድ ወይም ጨርሶ መተው ይቻላል።

ቅባትና_ሎሽን (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። አቅራቢው በዲፒጂ የቀጠነ ናሙና ልኳል፣ ወረቀቱም ባች ቁጥር አለው። ሎሽኑ ላይ ምንም ችግር የለም። ሁለት ነገር ግን ተበላሸ። ቅባቱ በማግስቱ ላብ አወጣ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጠብታ ይታያል። ሳሙናው ደግሞ እንደ ውኃ ቀጠነ፤ ጨው ብንጨምርበት ይባስ ቀጠነ። ፐርፊዩሙ መጥፎ ነው ወይስ እኛ?

ቴክሳፖን_በርሜል

ሁለታችሁም አይደላችሁም፣ ማቅጠኛው ነው።

ቅባቱ፦ ዲፒጂ ውኃ ወዳድ ነው፣ ከቫዝሊን ጋር አይዋሃድም። ሲሞቅ የተቀላቀለ ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ይለያል፤ ያ ነው ላቡ። ጠብታው ውስጥ ሽቶው በጥግግት ስለሚቀመጥ የራስ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፣ ስለዚህ «ጠርጎ መሸጥ» አይሠራም፣ ያ ዙር ለገበያ አይወጣም። ለቅባት የሚሆነው አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት ነው። አቅራቢውን ያልቀጠነ ኮንሰንትሬት ይጠይቁና ራስዎ ያቅጥኑ፦ ለ20 ኪሎ ቅባት 140 ግራም ኮንሰንትሬትና 60 ግራም አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት፣ አንድ ላይ 200 ግራም፣ ማለትም ያው የድሮው 1 በመቶ። ቅባቱ 45 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ሳይረጋ፣ ይጨመር። 70 ዲግሪ ላይ ከጨመሩ የላይኛው ሽታ ይተናል፣ ከዚያ «ሽታው ደከመ» ብለው መጠን ያበዛሉ። መለኪያ ኩባያው ያ ጠንካራና ጥርት ያለ ፖሊስታይሪን እንዳይሆን፣ ይሰነጠቃል። መስታወት ወይም እስቲል።

ሳሙናው፦ ቴክሳፖን (አረፋ ሰጪው የሳሙና ጥሬ ዕቃ) በጨው የሚወፍረው ሞለኪውሎቹ እየተቀጣጠሉ ረጅም ክር ስለሚሠሩ ነው። ዲፒጂ ክሩን ይበጥሰዋል። የድሮው ፐርፊዩም ማቅጠኛ ዲኢፒ ከነበረ ውስጡ ገብቶ ሌላ ዓይነት ተጽእኖ ነበረው፣ የድሮው የጨው መጠን ለእሱ ነበር የተስተካከለው። ጨው ሲጨምሩ የባሰው ደግሞ ጫፉን ስላለፉ ነው። ጨው እስከ ተወሰነ መጠን ያወፍራል፣ ከዚያ ያቀጥናል፣ መመለሻ የለውም፣ ያለ ጨው የተሠራ ሳሙና ጨምሮ ከማደባለቅ በቀር።

ስለዚህ ፐርፊዩም በተቀየረ ቁጥር ይህን ይሥሩ። ጨው ያልገባበትን ሳሙና፣ አዲሱ ፐርፊዩም ገብቶበት፣ በ6 ኩባያ ያድርጉ፤ በየኩባያው 180 ግራም። ቀሪውን 20 ግራም ውኃ ይያዙና ጨውን እሱ ውስጥ አሟሙተው ይጨምሩ፦ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ግራም። 200 ግራም ላይ ከ0 እስከ 2.5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ደረቅ ጨው ቀጥታ አይነስንሱ፣ በየቦታው ይረጋል። አረፋው እስኪወጣ እስከ ማግስቱ ይተው፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሙቀት ላይ። ከዚያ በአንድ ፈንጠል 100 ሚሊ ሊትር በስንት ሰከንድ እንደሚወርድ በስልክ ይለኩ። በጣም የዘገየው ጫፉ ነው። የሚመርጡት ግን ከጫፉ አንድ እርምጃ በፊት ያለውን ነው፤ በጫፉ ላይ የቆመ ሳሙና በሚቀጥለው ባች ትንሽ የጨው ስህተት ይወድቃል። በብርድ ጠዋትና በሞቃት ከሰዓት ያው ሳሙና የተለያየ ይመስላል፣ አትደናገጡ።

ሌላው የማይጠረጠረው ቱቦ ነው። ፐርፊዩሙ ከፍታሌት ነፃ ሆኖ ያለቀው ምርት ላይ ዲኢኤችፒ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው ከበርሜል መቅጃው ለስላሳ የፒቪሲ ቱቦ ነው። የሽቶ ዘይት ከፒቪሲ ውስጥ ማለስለሻውን አጥቦ ያወጣዋል፤ ቱቦው በወራት ውስጥ ደርቆ ሲጠነክር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ የወጣው ማለስለሻ የት ገባ? ሲሊኮንም ለሽቶ ዘይት አይመከርም፣ ይነፋል። እስቲል ፈንጠል፣ የመስታወት ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ። ቱቦ ግድ ከሆነ ፖሊኤቲሊን።

ፍራንክፈርት_መደርደሪያ

አራተኛውን ጥያቄ፣ ጽሑፉን። ወደ አውሮፓ የመላክ ሐሳብ ባይኖርም የእነሱን ሕግ ማወቅ አይጎዳም፣ አቅራቢዎች ወረቀታቸውን የሚያዘጋጁት ለዚያ ገበያ ስለሆነ።

የዕቃው ጀርባ ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል አንድ ቃል በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። አውሮፓ በስም እንዲጻፉ የሚያስገድደው አለርጂ የሚያመጡትን ነው፤ 26 ነበሩ፣ በ2023 በወጣ ደንብ ከ80 በላይ ሆነዋል። ቆዳ ላይ በሚቀር ምርት ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ ከ0.01 በመቶ በላይ ከሆኑ ይጻፋሉ። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ዝርዝር ለአለርጂ ነው። ዲኢፒ አለርጂ አምጪ ተብሎ ስላልተመዘገበ እዚያም አይታይም። ረጅም ዝርዝር ያለው ዕቃ ሁሉን የነገረን ይመስለናል።

ሊሊያል ግን ይጻፍ ስለነበር በስም ይያዛል፦ «ቡቲልፊኒል ሜቲልፕሮፒዮናል»። በሻንጣ የመጣ፣ ከ2022 በፊት የተመረተ ክሬምና ዲዮድራንት ላይ አሁንም ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ላይ ካያችሁት የምርት ቀኑን ተመልከቱ።

ኤምኤስዲኤስ ስታነቡ ደግሞ ኮዶቹን ፈልጉ። ኤች 360 የመራባት አቅምን ወይም ጽንስን ይጎዳል የተባለ፣ ኤች 361 የሚጠረጠር። ከ2023 ወዲህ በአውሮፓ ለሆርሞን አዛቢ ራሱን የቻለ ምድብ መጥቷል፦ ኢዩኤች 380 የተረጋገጠ ወይም ሊሆን ይችላል የተባለ፣ ኢዩኤች 381 የሚጠረጠር። ለቆዩ ድብልቆች የተሰጠው ጊዜ እስከ 2028 ስለሚሄድ ኮዱ አለመኖሩ ለጊዜው ማረጋገጫ አይሆንም። ካለ ግን የሚያከራክር ነገር የለም።

አሁን አማርኛው። «ሽታ የሌለው» እና «ሽቶ ያልተጨመረበት» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አፍንጫ የሚናገረው ነው፤ የሎሽኑን የቅባት ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ጨምሮ «ሽታ የሌለው» ማለት ይቻላል፣ በውጭ ዕቃ ላይም «አንሰንትድ» የሚለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለተኛው የአሠራር ቃል ነው። ከፐርፊዩም ነፃ ያደረጋችሁት ምርት ላይ «ሽቶ ያልተጨመረበት» በሉ። «ሆርሞን የማያዛባ» የሚል አትጻፉ፣ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ቃል ነው። «ፍታሌት የሌለበት» ደግሞ ፐርፊዩሙን ሳይሆን ያለቀውንና የታሸገውን ምርት አስመርምራችሁ፣ የባች ቁጥር ይዛችሁ ብቻ። አለበለዚያ «ዳይኢታይል ፍታሌት ያልተጨመረበት» ማለት ይሻላል፤ ልታረጋግጡት የምትችሉት እሱን ነው።

ፋርማሲ_ጓዳ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ደንበኞች ማንሳታቸው አይቀርም። ሎሽኑን ሁሉ ቀይራ ቤቷ ቡና በተፈላ ቁጥር ሰንደል የምታቃጥል ሴት አለች። ሰንደል እንጨቱ ላይ ያለው ዱቄት የሚነከርበት ሽቶ ብዙ ጊዜ በዲኢፒ የቀጠነ ነው፣ ሲነድም አየሩ ውስጥ ይገባል። ከባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ቡኹርም ብዙው ሽቶ የተነከረ እንጨት ነው። ከመተማ ወይም ከትግራይ የመጣ የዛፍ እጣን ይህ ሽቶ የለውም። ጭሱ ግን ጭስ ነው፣ ለሳንባ የሚያደርሰው ጉዳት ከተፈጥሮ መሆኑ አይቀንስም። መስኮት ይከፈት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከማጨሻው ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ጋዝ_ክሮማቶ

ጠያቂ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ የፐርፊዩም ባች 50 ሚሊ ሊትር በቡናማ የመስታወት ጠርሙስ፣ ባች ቁጥሩና የገባበት ቀን ተጽፎበት፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ፤ ያ ፐርፊዩም የገባበት የመጨረሻው ሎሽን ጊዜው እስኪያልፍ። ደንበኛ ቅሬታ ሲያመጣ ወይም አቅራቢው «የኛ አይደለም» ሲል ላብራቶሪ የሚላከው እሱ ነው፣ ጀሪካኑ ያኔ ባዶ ሆኖ የኬሮሲን ዕቃ ሆኗልና።